የጉድጓድ ውሃ ምስክርነት

የካቲት 9

ለወንድሜ ለቆጣሪው፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ሰላምታውን እማዬ ታቅርብልህ። እሷ ደህና ነች፣ ትናፍቅሃለች፣ ከደረሰብን ነገር ግማሹን እንጂ ሙሉውን አልነገርናትም። እኔ ደህና አይደለሁም።

በስልክ «ስንት ሞተ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ለምን እንደሆነ ካልገባህ ላስረዳህ። ቤቱ የሚነድበትን ሰው «ስንት ማገር ተቃጠለ?» አይሉትም። ልጅ ሆነህ ደረጃውንም፣ መስኮቱንም፣ የሰው ሸሚዝ ላይ ያለውን ቁልፍም ስትቆጥር «ቆጣሪው» ያልንህ ለጨዋታ ነበር። እንጂ ይህን ያህል ይጸናብሃል ብለን አልነበረም። መልሱን ከፈለግህ፣ አልቆጠርኩም። በአካፋ ነው ያወጣነው። በአካፋ የሚወጣ ነገር ማን ይቆጥራል?

ነገሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከኔ ስማ። የግድቡ ጽሕፈት ቤት «አልጌ ቧንቧውን ደፈነብን» ብሎ በጥር 30 ያንን ሰማያዊ መድኃኒት በበርሜል አምጥቶ ግድቡ ውስጥ ደፋው። ውሃው እንደ ወትሮው በቦዩ ወርዶ ኩሬዎቻችን ገባ። በሦስተኛው ቀን የሠላሳ ቤት ኩሬ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆድ ሆነ። የተረፈው የኔ ታችኛው ኩሬ ብቻ ነው፤ የውሃ መግቢያው ተበላሽቶ ዘግቼው ነበር። እናት ዓሦቼ እዚያ ናቸው። ሠላሳው ቤት እንደገና የዓሣ ጫጩት የሚያገኘው ከነሱ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ በሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ ስድሳ ጫጩት አለኝ፤ በቃ።

አሁን ደግሞ «ሁለተኛ ዙር በመጋቢት 20» ይላሉ። ታችኛው ኩሬ እየጎደለ ነው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ ካላገኙ እናት ዓሦቹ አይቆዩም። ውሃ ካስገባሁላቸው ደግሞ ምን እንደሚገባ ታውቀዋለህ።

ልጮህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «በታዘዘው መጠን ለዓሣ ጉዳት የለውም» ይላል። ከሥሩ ፊርማ። ያ ጭራው እንደ መንጠቆ የሚታጠፈው ፊርማ የማን እንደሆነ ከሠላሳው ቤት መሐል የማያውቅ የለም።

ከእንግዲህ በስልክ አንነጋገርም። በስልክ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ፣ በማግስቱ «እንደዚያ አላልኩም» ትላለህ። ጻፍልኝ። የዓሣ መኪናው ሾፌር ከዚያ ከተማ አይጠፋም፣ በሱ እንላላክ።

እኅትህ


የካቲት 15

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ ወገቧን እንዴት አደረጋት? ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እጄ ከመሰነጣጠቁ በቀር። የመሥሪያ ቤት ግቢያችን የጉድጓድ ውሃ ሳሙና አይቀበልም፣ ማንቆርቆሪያው እንኳ በሳምንቱ በነጭ ቅርፊት ይሸፈናል። ይህን የምጽፈው ወሬ ለማስረዘም አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

በሾፌሩ አፍ የላክሽብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። ሰውየው አፍሮ ወደ መሬት እያየ ነው የነገረኝ። «ዓሣ ፈታኝ ነህ ወይስ ዓሣ ገዳይ?» መልሱ ሁለቱንም ነኝ። ሥራው እንደዚያ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ፣ ከዚያ ፍረጂብኝ። ስድስት የመስታወት ገንዳ አለ። በየገንዳው ሰባት ዓሣ ይገባል። በአምስቱ መድኃኒቱ ከትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፣ ስድስተኛው ንጹሕ ውሃ ነው። ስድስተኛው ባይኖር ዓሦቹ በመድኃኒቱ ይሙቱ ወይም በገንዳው ማንም አያውቅም። ከዋዜማው ጀምሮ አይመገቡም። ከዚያ አራት ቀን፣ ማለትም ዘጠና ስድስት ሰዓት፣ እየተመላለስኩ አያለሁ። ዝም ያለውን በመስታወት ዘንግ ጭራው ሥር ነካ አደርገዋለሁ። ካልተንቀሳቀሰና የሚተነፍስበት ስንጥቡም ቆሞ ከሆነ «ሞተ» ብዬ እጽፋለሁ። በመጨረሻ የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ከዓሦቹ ግማሹን የሚገድለው መጠን ስንት ነው?

ያ ቁጥር ለሰማያዊው መድኃኒት ከፍ ያለ ነው የወጣው። ግድቡ ውስጥ የሚጨመረው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ሁሉም በደንቡ ነው የተሠራው እታለም፤ አንድም የተጭበረበረ ነገር የለም። ምናልባት ሠራተኞቹ ሲሰፍሩ ልክ ስተው ይሆናል። እስቲ አጣሪልኝ።

ስላዘንሽብኝ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለእማዬ ከዚህ ጋር ለብቻ ጽፌላታለሁ፣ ስለ ዓሣ ግን አላነሳሁባትም።

የዘላለም ወንድምሽ


የካቲት 21

ለደንብ አክባሪው ሰውዬ፣

ደንብ፣ ደንብ፣ ደንብ። ደብዳቤህን ለእማዬ ሳነብላት «ይኼ ልጅ ደንብ የምትባል ሚስት አገባ እንዴ?» አለች። አዎ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከአሁን በኋላ ማን ምን እንደሚያውቅ እኔ እወስናለሁ፣ አንተ ያሻህን ስትደብቅ ኖረሃል።

አጣሪ ባልከው መሠረት አጣርቻለሁ። የሰፈሩት ሁለቱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱን ቤቱ ድረስ ሄጄ አስማልኩት። ሚዛኑን አየሁት፣ የበርሜሉን ጽሑፍ አስነበብኩ፣ የግድቡን ስፋትና ጥልቀት ከአስተማሪው ጎረቤታችን ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። አንድ ግራም አልተሳሳቱም። እነዚያ ምስኪኖች ያዘዛችኋቸውን ነው ያደረጉት። ቀድሞ ነገር አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? በቀን ሠራተኛ ለማላከክ ስትሞክር ትንሽ አታፍርም?

ሌላም ነገር አለኝ። በጎኑ ተጋድሞ ስንጥቡ ብቻ የሚርገበገበውን ዓሣ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት? እኔ እንደዚያ ያለ ዓሣ ሳይ በልቤ «አለቀለት» ብዬ መረብ አነሳለሁ። እናንተስ?

ዋናው ጥያቄዬ ግን ይህ አይደለም። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተናድጄ ነው ያነበብኩት፣ በሦስተኛው ግን ቆምኩ። የቆምኩት ደግሞ ደንቡ ላይ ሳይሆን እጅህ ላይ ነው። ሳሙና የማይቀበለው ውሃ፣ ማንቆርቆሪያ የሚያቆሽሸው የጉድጓድ ውሃ፣ እሱ ነው ገንዳዎቹ ውስጥ የነበረው?

የኛ ውሃ ከተራራ የወረደ ዝናብ ነው። ሳሙናው ከገላህ አልለቅ ብሎ እማዬ ሦስቴ ስታለቀልቅህ በረደኝ ብለህ ሰፈሩን የምታናውጠው አንተ ነህ። እኔ ሳይንስ አልተማርኩም፤ ዓሣ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ ሳዛውር ግን ውሃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አዎ ወይም አይደለም በለኝ። ሰላምታ አትጨምርበት።

እኅትህ


የካቲት 28

እታለም፣

አዎ።

በጎኑ የተኛው ስንጥቡ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ «ሕያው» ተብሎ ይጻፋል። ለዚህም አዎ።

እንዳልጨምር አዝዘሻል፣ ግን እዚህ ላይ ካቆምኩ ዳግመኛ የምጽፍበት ድፍረት አላገኝም። ሰማያዊው መድኃኒት ከመዳብ ነው የሚሠራው። እንደኛ ጉድጓድ ያለው ጠጣር ውሃ ኖራ መሰል ነገር ስለሚበዛበት መዳቡን ከዓሣው ስንጥብ ይከላከልለታል። ለስላሳው ውሃ ይህን መከላከያ አይሰጥም። ዓሣው በኛ ጉድጓድ ውሃ የሚዋኝበት መጠን በእናንተ ግድብ ውሃ ሊገድለው ይችላል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ቀጥሎ የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ፣ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። አውቅ ነበር። መድኃኒቱ የት እንደሚሄድ ማዘዣው ላይ አይቻለሁ፣ የግድቡ ስም ተጽፎበት ነበር። በቀን መዝገቤ ላይ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ይህ ውጤት ለለስላሳ ውሃ አይሆንም፣ በዚያው ግድብ ውሃ ይደገም።» አለቃዬ አነበበና «ደንቡ የጉድጓድ ውሃ አይከለክልም። ደንበኛው የጠየቀው አንድ ፈተና ነው፣ አንተ ሁለተኛውን ማን ጠይቅ አለህ?» አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቀበለኝ። ሰረዝኩት። በአንድ መስመር፣ ቀጥ አድርጌ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ፈረምኩ። እነሱም በሩ ላይ የለጠፉት ያችን ገጽ ብቻ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አለቃዬን እፈራዋለሁ። ምክንያት ልሰጥሽ አይደለም። ያሰብኩት ይህን ነበር ለማለት ነው።

ማስተካከል የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ፣ ልጠይቅሽ ግን አንደበቴ አይታዘዘኝም። ከግድቡ አሥራ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያስፈልገኛል። በውሃው ተወልደው ያደጉ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ አርባ ሁለት ጫጩቶችም ያስፈልጉኛል። እንዲህ ያለ ጫጩት በአካባቢው ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። የሚመለሱ አይደሉም።

ወንድምሽ


መጋቢት 2

አንተ፣

የማያውቅ ሰው ቢያጠፋኝ ይቅር እለው ነበር። ከሌላ አገር የመጣ፣ ውሃችንን ያላየ፣ ስማችንን ያልሰማ ሰው ቢፈርምብን «ምን ያርግ፣ አያውቀን» እል ነበር። አንተ እኮ በዚህ ውሃ ጡጦህ ታጥቧል! አባታችን ያንን ታችኛውን ኩሬ ሲቆፍር ዳር ተቀምጠህ አካፋውን ስትቆጥርለት ነበር! በዓለም ላይ ካሉት ፈታኞች ሁሉ ይህን ስሕተት የማይሳሳት አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። ስሕተትም አይደለም። ስሕተትስ ባደረገልህ። ጽፈህ ነው የሰረዝከው።

«ቀጥ አድርጌ» ትላለህ ደግሞ። አሰራረዝህ እንዴት እንደሚያምር ልንገራቸው ለጎረቤቶቼ? ባለ መረቧ አሮጊት ሦስት የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። የሞተውን ከኩሬዋ ስናወጣ አጠገቤ ነበረች፣ አላለቀሰችም፣ «ወንድምሽ ቢሳሳት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው» አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

አሥራ ሁለቱ ጀሪካን መኪናው ላይ ነው። ጫጩቶቹ በሁለቱ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ናቸው። አንድ በአንድ እኔው ነኝ የመረጥኳቸው፣ እኩል እኩሎቹን፣ ጤነኛ ጤነኞቹን። ደካማዎቹን ሰጥቼህ «ድሮም የታመሙ ነበሩ» እንዳይባል ብዬ ምርጦቹን ሰጠሁህ። ለዘር ያስቀመጥኳቸውን ነው ለአራት ቀን ሞት የላክሁት። ከስድሳው አሥራ ስምንት ቀረኝ።

ሾፌሩን በየመንገዱ ቆሞ ውሃቸውን እንዲነቀንቅላቸው አዝዤዋለሁ። አንድም እንዳይሞትብህ፣ ከመሞቻቸው በፊት።

አትጻፍልኝ። ውጤቱ ሲወጣ ብቻ ጻፍ።


መጋቢት 15

ለእታለም፣

አርባ ሁለቱም ደህና ገቡ። አንድ ሳምንት ሙሉ በራሳቸው ውሃ አቆየኋቸው፣ አንድም አልታመመብኝም። ሾፌሩ ስምንት ቦታ ቆሜያለሁ ብሎኛል።

ትናንት ጠዋት ዘጠና ስድስቱ ሰዓት አለቀ። ውጤቱን በተለየ ወረቀት አያይዤልሻለሁ፣ እዚህ ባጭሩ ልበልሽ። በጉድጓዱ ውሃ ግማሾቹን ከገደለው መጠን በግድቡ ውሃ ስምንት እጅ ያነሰው ግማሹን ለመግደል ይበቃል። ግድቡ ላይ የሚጨምሩት መጠን ያለበት ገንዳ ውስጥ የነበሩት ሰባቱም የመጀመሪያውን ቀን አልጨረሱም። በንጹሑ የግድብ ውሃ ውስጥ የነበሩት ሰባት አራቱን ቀን ሙሉ ኖሩ። ስለዚህ ውሃው ራሱ አሁን ጠርቷል፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው። በደንቡ እነዚህም ሰባት አይመለሱም።

ወረቀቱን በሦስት ቅጂ ፈርሜ አንዱን ለግድቡ ሹም፣ አንዱን ላንቺ፣ አንዱን ለአለቃዬ አደረግሁ። የሰረዝኩትንም መስመር መልሼ ጻፍኩት፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደተሰረዘ ጨምሬ፤ ይህ ግን የአለቃዬ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። አነበበው። ከሰዓት በኋላ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዳልመጣ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። ማኅተሙ በሱ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ የኔ ወረቀት ማኅተም የለውም። ፊርማዬ ግን አለበት።

ለሰጠኋችሁ ሐዘን ሁሉ ይቅርታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ በይኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቀድሞ የማውቅ መሆኔን፣ የሰረዝኳትን መስመር ነገር፣ ለጎረቤት አትንገሪብኝ። ለባለ መረቧ በተለይ።

ወንድምሽ


መጋቢት 26

ለወንድሜ፣

ካልጠየቅከኝ ልጀምር። እናት ዓሦቹ አሉ። መግቢያውን መጋቢት 22 ጠዋት ከፈትኩት፣ ውሃው ሲገባላቸው ድምፁ ቤት ድረስ ተሰማ።

እንዴት እንደሆነ ከሾፌሩ ሰምተህ ይሆናል፣ እሱ ጨው ማብዛት ይወዳልና እውነተኛውን ስማ። ወረቀትህን መጋቢት 18 ለሹሙ ወሰድኩለት። በሁለት ጣቱ ጫፏን ይዞ ወደ መስኮቱ አነሳት። «ማኅተሙ የታለ? ፊርማማ ማንም ይፈርማል» አለኝ። ከዚያ የድሮዋን ከበሩ ላይ አስነቅሎ አመጣና «ይችውልሽ፣ የራሱ የወንድምሽ፣ ክብ ማኅተም አላት» አለ። ሰውየው አልዋሸም። የሞቱት ዓሦች ማኅተም አላቸው፣ የሞቱበት ምክንያት ማኅተም የለውም።

አርባ ሁለት ዓሣ በከንቱ! እቤት እስክደርስ የተሳደብኩትን ስድብ እማዬ ብትሰማ ኖሮ አፌን በዚያ በማይለቀው ሳሙና ታጥበው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከባለ መረቧ ጋር ሁለት ባልዲ የግድብ ውሃ ተሸክመን ቢሮው ገባን። ከቀሩኝ አሥራ ስምንት አሥራ አራቱን ይዣለሁ። መድኃኒቱን ከራሱ በርሜል፣ በራሱ ሠራተኛ፣ በራሱ ሚዛን አስመዘንኩ፣ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ልክ እንጂ ቅንጣት አላስጨመርኩም። ባልዲዎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ፋይሎቹ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰባት እዚህ፣ ሰባት እዚያ። «ምንድነው ይሄ?» አለኝ። «በዚህ መድኃኒት አለ፣ በዚያኛው የለም። ኋላ በባልዲው ሞቱ እንዳይሉኝ ነው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው የባለ መረቧ አማች እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሠላሳው ቤት ደግሞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልነካንም።

ከምሳ በፊት የመድኃኒቱ ባልዲ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አየር መቃም ጀመሩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰባቱም በጎናቸው ተኙ። «በቃ ሞቱ፣ አውጪልኝ» አለ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሳሁና በጀርባው አንዱን ጭራው ሥር ነካ አደረግሁት። «ስንጥቡ ይርገበገባል። በደንቡ ሕያው ነው። ይጠብቁ» አልኩት። እንዲህ ስል ያንተን ድምፅ ከአፌ ሰማሁትና ይበልጥ ተናደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባቱ ሞተዋል፣ በወዲያኛው ባልዲ ሰባቱ ይዞራሉ። ያ ቀን መጋቢት 20 ነው፣ በርሜሎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሹሙ «አይቻለሁ፣ ጣይው» አለ። «አይጣልም፤ ፈተናው ዘጠና ስድስት ሰዓት ነው፣ ገና ሃያ አራት ነው የሆነው» አልኩት። መስኮት ከፈተ። በመሐረብ አፍንጫውን ሸፈነ። ቢሮ ቀየረ፣ ባልዲዬን ይዤ ተከተልኩት። ባለጉዳይ በሩ ላይ እየደረሰ ይመለስ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ፣ ራሱ ወረቀት አውጥቶ «ሁለተኛው ዙር ተሰርዟል፣ መድኃኒቱ ወደ አምራቹ ይመለስ» ብሎ ጻፈ። «ማኅተም» አልኩት። መታበት። ጎልቶ ስላልታየኝ ደግሞ አስመታሁት።

ንጹሑ ባልዲ ውስጥ የነበሩትን ሰባት ወደ ገንዳቸው መለስኳቸው። ያንተን ሰባት ምን እንዳደረግካቸው አትጻፍልኝ።

አሁን ወደ ለመንከኝ ነገር። አልተናገርኩም። እንደምትፈልገው ከጎረቤት ማንም አያውቅም። የሆነውን ግን ስማ። ሠላሳው ቤት ሥራህን እንዳጣህ ከሾፌሩ ሰምቷል። «ለኛ ሲል እንጀራውን ጣለ» ይላሉ። በቦዩ ስሄድ ከየኩሬው ቀና እያሉ ይመርቁሃል። ባለ መረቧ ትናንት ቤት ድረስ መጥታ እማዬ ፊት ሁለት እጇን ዘርግታ «ልጆችህ ይደጉልህ፣ የነካኸው ይባረክ፣ ሰው አይጣህ» እያለች መረቀችህ። እማዬ እኔን ታያለች። እማዬ ሁሉን ታውቃለች። እኔ ምን ልበል? «አሜን» አልኩ።

ከየካቲት ጀምሮ ብዙ ነገር ውጫለሁ፣ እንደዚያ አሜን ያነቀኝ ግን የለም።

ቤቱ ሰፊ ነው፣ ልጆችህን ይዘህ ና፣ ኩሬ የሚጠርግ ሰው እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግን ሻንጣህን ሳታስቀምጥ ወደ ባለ መረቧ ቤት ትሄዳለህ። የሰረዝከውን መስመር ራስህ ታነብላታለህ። እኔ አልነግርልህም፣ አልደብቅልህምም። ከዚያ በኋላ ልትመርቅህ ከፈለገች እሷ ታውቃለች።

እስክትመጣ ድረስ ምርቃቱ ሲመጣ ጀርባዬን እሰጣለሁ።

እኅትህ